«የሳል ሽሮፕ ስጠኝ» ከማለት በፊት፦ ስለ አክታ ማቅጠኛ መድኃኒት ድሬ ላይ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚቆም ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «የሳል ሽሮፕ አለ?» አለ። መደርደሪያ ሙሉ አለ። ግን ለየትኛው ሳል? ለደረቁ ወይስ አክታ ላለው? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰለቻል። ብሩን ሰጥቶ ብልቃጡን ይዞ መሄድ ነው የሚፈልገው። ከመስኮቱ ጀርባ የምቆመው እኔ ነኝና ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ልንገራችሁ። የዛሬው ወሬ ስለ እርጥቡ ሳል ነው፤ ደረት ውስጥ ኸር ኸር ስለሚለው፣ ጠዋት ጠዋት አክታ ስለሚያስተፋው።

«የሳል ሽሮፕ ያው የሳል ሽሮፕ ነው»

አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አክታ የሚያጣብቀው በውስጡ እንደ ክር የተጠላለፉ ፕሮቲኖች ስላሉ ነው። አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት ፕሮቲኖቹን ያያያዘውን ኬሚካላዊ ማሰሪያ ይበጥሳል። ካርቦሲስቴይን አዲስ የሚመረተው አክታ ከመጀመሪያውም ቀጠን ብሎ እንዲመጣ ያደርጋል። ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል አክታውን ያቀጥናሉ፣ ወደ ላይ እንዲወጣም ያግዛሉ። ጓይፈኔሲን የሚባልም አለ፤ እሱ የመተንፈሻ ቧንቧው ፈሳሽ እንዲጨምር አድርጎ አክታውን ያላላዋል።

በሌላ በኩል ሳልን የሚያፍኑ አሉ። ዴክስትሮሜቶርፋንና ኮዴይን ከነዚህ ናቸው። የሚሠሩት ደረት ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው፤ «ሳል» የሚለውን ትእዛዝ ያዳክማሉ። እንቅልፍ ለነሳ ደረቅ ሳል ሐኪም ሊያዛቸው ይችላል። አክታ ለሞላው ደረት ግን ጥሩ ሐሳብ አይደሉም። አንዱ አክታውን አቅጥኖ «ውጣ» ይለዋል፣ ሌላው በሩን ይዘጋበታል። የቀጠነው አክታ ወዴት ይሂድ? እዚያው ሳንባ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ማቅጠኛና ማፈኛ አብረው አይወሰዱም።

ሦስተኛዎቹ እንደ ዳይፈንሃይድራሚንና ክሎርፈኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች የተጨመሩባቸው ናቸው። አፍ ያደርቃሉ፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። የባጃጅ ሹፌር እሱን ጠጥቶ ከሳቢያን ወደ መጋላ ሲነዳ ማሰብ ነው።

እንግዲህ የሽሮፑን ቀለም ወይም ጣዕም ሳይሆን ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ማንበብ ካስቸገረ «ይሄ ያቀጥናል ወይስ ያፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ትበቃለች።

«ሁለቱን ባንዴ ብወስድ ፈጥኖ ይለቀኛል»

ጎረቤት ብሮምሄክሲን ክኒን ሰጥታችኋለች፤ ፋርማሲ ደግሞ አምብሮክሶል ሽሮፕ ገዝታችኋል። ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይመስላል። ነገር ግን ብሮምሄክሲን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ ከሚወጡት ነገሮች ዋነኛው ራሱ አምብሮክሶል ነው። አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም እየደረባችሁ ነው ማለት ነው።

መጠኑም ያሳስታል። የአምብሮክሶል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ውስጥ 15 ሚሊግራም የያዘም አለ፣ 30 ሚሊግራም የያዘም አለ። ባለፈው የወሰዳችሁትን «አንድ ማንኪያ» በአዲሱ ብልቃጥ ብትደግሙት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለአዋቂ ሰው የተለመደው መጠን አምብሮክሶል 30 ሚሊግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ብሮምሄክሲን 8 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ካርቦሲስቴይን 750 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ነው። ካርቦሲስቴይን አክታው ሲላላ ወደ 1,500 ሚሊግራም በቀን ይቀንሳል። አሴቲልሲስቴይን አብዛኛውን ጊዜ በቀን 600 ሚሊግራም ነው። ሐኪም ሌላ ካዘዘላችሁ የሐኪሙን ተከተሉ።

«ከጠጣሁት በኋላ ሳሉ ባሰብኝ፣ መድኃኒቱ አልተስማማኝም»

ብዙ ሰው ብልቃጡን በሁለተኛው ቀን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ተጣብቆ የቆየው አክታ ሲላቀቅ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው ደግሞ በሳል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አክታው ቢበዛ፣ ሳሉም እርጥብ እርጥብ ቢል የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ሲር ሲር ማለት፣ ሽፍታና የፊት እብጠት ነው። ያኔ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

በዚያው ልክ ተአምር አትጠብቁ። ከጉንፋን ወይም ከብሮንካይትስ በኋላ የሚመጣ ሳል በአማካይ 18 ቀን ገደማ ይቆያል። እኛ ግን በሳምንቱ እንዲለቀን እንፈልጋለን። ለዚህ ዓይነቱ ሳል የማቅጠኛ ጥቅም መጠነኛ ነው፤ ያቀላል እንጂ ሕመሙን አያባርርም። ይበልጥ ጥቅሙ የታየው ለዓመታት የሳንባ ቧንቧ ሕመም ባለባቸው፣ በተለይ በማጨስ ሳንባቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ነው። በሐኪም ክትትል ዘወትር ሲወስዱት ሕመሙ የሚነሳባቸው ጊዜ ይቀንሳል። ለተራ ጉንፋን ሦስተኛ ብልቃጥ የሚገዛ ሰው ሳይ፣ ሥራዬ መሸጥ ቢሆንም፣ ያሳዝነኛል።

«አክታዬ አረንጓዴ ሆኗል፤ አሞክሲሲሊን ጨምርልኝ»

አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው በሽታ ሊዋጉ ከመጡ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ካለ ኢንዛይም ነው። ነጭ የደም ሴል ደግሞ ለቫይረስም ይመጣል። ቀለሙን ብቻ አይቶ አንቲባዮቲክ መጀመር ልክ አይደለም። ከባለፈው የተረፈ አራት ፍሬ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም፤ ጀርሙን ማለማመድ ነው ትርፉ።

ሐኪም ካዘዘላችሁ ግን አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር። ጫት ሲቃም አምፒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከበርጫ ጋር የተዋጠ አምፒሲሊን ሙሉ ሥራውን ላይሠራ ይችላል።

«ያለ ወረቀት ስለሚሸጥ ጉዳት የለውም»

የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ካርቦሲስቴይን አይወስድም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እነዚህ መድኃኒቶች የደረትን አክታ ሲያቀጥኑ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋንም ሊነኩት ይችላሉ። ድሬና ሐረር ላይ «ጨጓራዬን» የማይል ሰው ስንት ነው? ይህን ሳትነግሩን አትግዙ። በባዶ ሆድም አትውሰዱት።

አስም ያለበት ሰው አሴቲልሲስቴይን ሊያፍነው ስለሚችል ሐኪም ሳያማክር አይጀምርም። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንተከተከው የአሴቲልሲስቴይን ክኒን ሶዲየም ስላለበት ደም ግፊት ያለበት ሰውም ይጠይቅ። (ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ቢኖረው አትደንግጡ፣ ጠረኑ ነው።) አምብሮክሶልና ብሮምሄክሲን አልፎ አልፎ ከባድ የቆዳ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 እ.ኤ.አ. አብሯቸው በሚመጣው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ራሷ አትምረጥ።

«ለልጁ ግማሽ ማንኪያ ይበቃዋል»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ እነዚህ ማቅጠኛዎች ከራስ ተነስቶ አይሰጡም። የሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ ነው፤ የላላውን አክታ በጉልበት ስሎ ማውጣት አይችልም። ፈረንሳይ በ2010 እ.ኤ.አ. ካርቦሲስቴይንና አሴቲልሲስቴይን ከ2 ዓመት በታች እንዳይሰጡ ያገደችው ለዚህ ነው።

ከዚያ በላይ ላለ ልጅም «ማንኪያ» መለኪያ አይደለም። የሻይ ማንኪያችሁ 3 ሚሊም፣ 7 ሚሊም ሊይዝ ይችላል። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 15 ሚሊ አካባቢ ነው። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣውን ክዳን ወይም መለኪያ ተጠቀሙ። ከሌለው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ፣ ርካሽ ነው።

ከየት እንደምትገዙም ይለያል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። ሞታቸው ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ከተገኙባቸው የልጆች ሽሮፖች ጋር ተያይዟል። በመኪና ተጭኖ፣ ፀሐይ በልቶት፣ ጽሑፉ በቅጡ የማይነበብ ሽሮፕ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ለልጅ አይገዛም።

ልጁ 1 ዓመት ካለፈው ማር ሳሉን ያረግበዋል። ከ1 ዓመት በታች ግን ማር ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አያት «ትንሽ ላልሰው» ብትልም እንኳን።

ከሽሮፑ በፊት ግን ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ሲረጋጋ፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከፈዘዘ ደግሞ ቁጥሩንም አትጠብቁ። ባጃጅ ጥሩና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

«ማታ ልተኛ ስል እጠጣዋለሁ፣ እንቅልፍ እንዲሰጠኝ»

ተቃራኒው ነው የሚሆነው። አክታው የሚላላው እናንተ ስትተኙ ይሆንና ሌሊቱን ስትስሉ ታድራላችሁ። የመጨረሻውን መጠን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ጨርሱት። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት፣ ስትሮክ የመታው ወይም ሳል የማውጣት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። የቀጠነው አክታ ሊያፍናቸው ስለሚችል ያለ ሐኪም አይሰጣቸውም። ከተሰጣቸውም ቀና አድርጎ የሚያስቀምጣቸውና ጀርባቸውን የሚደግፍ ሰው አጠገባቸው ይኑር።

«ወተት አክታ ያበዛል»

አያበዛም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል አፍና ጉሮሮ ላይ ወፈር ያለ ስሜት ይተዋል፤ እሱ ነው የሚያሳስተው። የግመል ወተቱን ጠጡ፤ ያልፈላ ከሆነ ግን አፍሉት፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ይመጣል።

«ባህር ዛፍ ከታጠንኩና ውሃ ካበዛሁ ሌላ አያስፈልገኝም»

በድሬ ሙቀት ውሃ መጠጣት ግዴታ ነው፤ ሰውነት ሲደርቅ አክታም ይጠነክራል። ከጥማት በላይ በግድ መጠጣት ግን ተጨማሪ ፈውስ የለውም። ልብ ወይም ኩላሊት ለሚያመው ደግሞ ሊጎዳው ይችላል። የእንፋሎቱ ነገር፣ አዋቂ ሰው ቀለል ቢለው አልከለክልም። ልጅን ግን ፈልቶ ከወረደ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ደርባችሁ አታጎንብሱት። ድስቱ ከተገለበጠ ቃጠሎው ከሳሉ ይብሳል። ዝንጅብል በሻይ? ደስ ካላችሁ ለምን አይሆንም።

ጭሱን ቀንሱ። በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ሲጋራና ሺሻ ተደራርቦ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ማቅጠኛውን ቢጠጣ ምን ይሆናል? በአንድ በኩል እያወጣ በሌላ በኩል ይሞላል። ሺሻ ውሃ ውስጥ ስላለፈ አይጣራም።

«አምና የተረፈ ብልቃጥ አለኝ»

ብዙ ሽሮፕ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ተጽፎበታል። ድሬ ላይ ከ30 ዲግሪ የሚያልፈው ቀን ብዙ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥና ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሐረር ያላችሁ በዚህ ትንሽ ታድላችኋል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ ወረቀቱ ላይ አለ። ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ከረጋ ጣሉት።

«ሳሌ የቆየ ነው፤ ሌላ ብልቃጥ ስጠኝ»

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ማቅጠኛ ቲቢን አያድንም፤ አክታውን እያላላ ጊዜ ያስፈጃል እንጂ። የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ ደግሞ 2 ሳምንትም አትጠብቁ። ሰው «ቲቢ» የሚለውን ቃል ፈርቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ይከርማል። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ተራው ቲቢ መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ይድናል።

ናሙና ስጡ ሲሏችሁ ምራቅ ይዛችሁ አትሂዱ። ጠዋት እንደተነሳችሁ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱና ከደረት ስላችሁ አውጡ። ሰው በሌለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አድርጉት። ዕቃውን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና ሳይውል ሳያድር ላብራቶሪ አድርሱት።