የቡድን ዋስትና ምንድን ነው?

ብድር ልጠይቅ ብሎ ባንክ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስያዣ ነው። ቤት አለሽ? መኪና? ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጠላ የምትሸጥ እናት ያላት ጋንና ጣሳ ነው። የቡድን ዋስትና ለእንደዚህች ዓይነቷ ሴት የተበጀ መንገድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች ቡድን ይመሠርታሉ እንበል። ሁሉም የየራሳቸውን ብድር ይወስዳሉ፤ ግን አንዷ ለሌላዋ ዋስ ናት። አንዷ መክፈል ካቃታት አራቱ ይሸፍኑላታል። ውዝፉ እስኪጠራ ድረስ አዲስ ብድር መጠየቅ ይከብዳል። የቤቱን ቦታ የተካው መተዋወቅ ነው። ማን እንደምትሠራ፣ የማን ባል ብር ካየ እንደማያስተርፍ፣ ጎረቤት ያውቃል።

ሐሳቡን ዓለም ያወቀው በባንግላዴሹ ሙሐመድ ዩኑስና በግራሚን ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርተዋል። በእኛ ክልል ደግሞ ስሙ የገነነው አብቁተ፣ ማለትም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር። ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ወደ ጠላ ሻጯ እንመለስ። እጇ ላይ ብር ሳይኖር ዳጉሳውንም ጌሾውንም ከሱቅ በዱቤ፣ ጥቂት ጥቂት እያለች ታነሣለች። ባለሱቁም ዋጋው ላይ ጨመር አድርጎ ነው የሚሰጣት። ብድሩን ስታገኝ እህል ገብቶ ዋጋ ሲቀንስ አንድ ኩንታል ዳጉሳ ትገዛለች። ጌሾውንም ከዘጌ ከሚያመጡት ሰዎች በጅምላ ትወስዳለች። ጠላው ያው ጠላ ነው፣ የሚሸጥበትም ዋጋ ያው። ለባለሱቁ ይሄድ የነበረው ልዩነት ግን እሷ ጋ ይቀራል። የልጆቿ ደብተርና ጫማ የሚወጣው ከዚህ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት ይሄ አይደል?

ለበግ አድላቢዋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገንዘቧ የሚገባው ለፋሲካ በጉ ሲሸጥ ነው። በየወሩ ክፈይ ከተባለች ሳይሰባ ልትሸጠው ነው። ስለዚህ የክፍያው ጊዜ ከሥራው ጋር ካልገጠመ ብድሩ ራሱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ብድር ብቻውን ደግሞ ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የስድስት አገሮች ጥናቶች አብረው ታትመው ነበር፤ አንዱ በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተሠራ ነው። ብድሩ የቤተሰብን ኑሮ ከሥሩ እንደለወጠ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም።

እኔን የሚያሳስበኝ የዋስትናው ሸክም ነው። በሰፈራችን ከአንድ ቡድን አንዷ ታመመች። አራቱ ሦስት ወር ከፈሉላት። ከዚያ በኋላ ቡና መጠራራት ቀረ። ማንም ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ሁሉም የሚከፍሉት ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው ነው።

እና ቡድን ልትገቡ ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቡና አፍሉና ተነጋገሩ። አንዳችን ብንታመም ምን እናደርጋለን? በየሳምንቱ ስንት ብር ለክፉ ቀን እናስቀምጥ? የሰፈሬ ሴቶች ይህን የተነጋገሩት ሴትዮዋ ከተኛች በኋላ ነው።