«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝም ሆነ በተጉለት፣ ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በውርስ ሲጣሉ ሽማግሎች ግራ ቀኙን ሰምተው አንድ የማስታረቂያ ሐሳብ ያቀርባሉ። ከባለጉዳዮቹ አንዱ የቀረበለትን ሁሉ እየገፋ ጠዋት የተናገረውን ማታም የሚደግመው ከሆነ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ ጋቢውን ሰብስቦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል። አባባሉ የሸዋ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ ይታወቃል። ሲተረጎምም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግትር ሰው የተነገረ ነው ተብሎ ይታለፋል። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው፣ አባባሉ አዲስ ሐሳብ በሰው አእምሮ ውስጥ እንዳይወለድ የሚከለክለው ምን እንደሆነም ይናገራል።

በመጀመሪያ «ሞኝ» የሚለውን እንይ። በአማርኛ ሞኝና ደደብ አንድ አይደሉም። ደደብ ቢያስረዱት የማይገባው ነው፤ ሞኝ ግን አንድ ነገር ገብቶት፣ አምኖት፣ እዚያው ላይ የቀረ ሰው ነው። «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሞኙ ማልቀስ አላቃተውም፣ ያቃተው ሌላ ዜማ ማውጣት ነው። ስለዚህ የሞኝ ችግር የእጁ ባዶነት አይደለም። እጁ የመጀመሪያውን ነገር ጨብጦ ስለ ሞላ ሁለተኛው የሚገባበት ቦታ አጥቷል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሁለተኛው ቃል ነው። አባባሉ «ሞኝና ብራና» ያላለው ለምንድን ነው? «ወረቀት» የሚለው ቃል ቅጠልንም የወረቀት ገጽንም ከሚያመለክተው ከዐረብኛው «ወረቃ» ጋር የተዛመደ ነው፤ አገራችን ግን ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍቷን የጻፈችው በብራና ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በጠፍር ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ከደረቀ በኋላ በወስፌ ይሰመራል። ጸሐፊውም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል የተዘጋጀውን ጥቁር ቀለም በመቃ ብዕር እየነከረ ይጽፍበታል። ጸሐፊው ቢሳሳት በስለት ፍቆ ያነሣውና በዚያው ቦታ ላይ የቀናውን ይጽፋል። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የገባበት ገጽ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የተፋቀው ስፍራ ወደ ብርሃን ሲይዙት ሳሳ ብሎ ይታያል። ወረቀት ይህን አይችልም። ቀለሙ ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ልፋቅህ ቢሉት ይቀደዳል እንጂ የያዘውን አይመልስም። እኔ እንደምረዳው የአባባሉ ብርታት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሞኝ የተመሰለው መጻፊያ ከሆነ ነገር ሁሉ ጋር ሳይሆን፣ ከመጻፊያዎች መካከል ይቅርታ ከማያውቀው ጋር ነው።

ለወረቀት ጥብቅና መቆምም ተገቢ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል የሚመሰገነው ያው አለመልቀቁ ነው። የርስት መብት በትውልድ ቆጠራና በምስክር ቃል ይጸና በነበረበት አገር፣ የተፈረመ ወረቀት እንደ ልብ የማይታጠፍ ባላጋራ ሆኖ ታይቶ እንደሆነ አያስገርምም፤ ሽማግሌን በምልጃ ማለዘብ ይቻላል፣ ወረቀትን ግን አይቻልም። እንግዲህ መያዝ በራሱ ነውር አይደለም። ሰነድ ይያዝ፣ ውል ይያዝ፣ አደራ ይያዝ። ነውር የሚሆነው ሐሳብ ገና በመፈለግ ላይ እያለ እንደ ሰነድ ሲታተም ነው።

ይህን ልዩነት በሥርዓት ያስተምር የነበረው የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረጃጅሞቹ ሲወጣ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ እንዲነግር ይጠበቅበታል፤ የትናንቱን መድገም፣ የጓደኛን መናገር ከቶ አያስከብርም። የሰምና ወርቅ ስያሜም የመጣው ከአንጥረኛ ነው፦ ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ከዚያም ሰሙ በእሳት ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ የሚፈስበት ክፍት ቦታ አያገኝም። ሰሙ መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ ነው፤ ያለ እርሱ ቅርጽ አይኖርም፣ ከእርሱ ጋር ሙጭጭ ብሎም ወርቅ የለም። (ዛሬ ስብሰባ ላይ «አዲስ ሐሳብ አምጡ» የሚሉ አለቆች፣ የራሳቸውን ሰም መቼ እንደሚያቀልጡት ቢነግሩን መልካም ነበር።)

አለመልቀቅና መልቀቅ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለማየት ከሰሜን ሸዋ ሳንወጣ ወደ መንዝ ጓሳ እንሂድ። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ የሣር አምባ ለዘመናት በጋራ የተጠበቀ ነው። የሁለቱ ቀደምት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በየራሳቸው አለቃ እየተመሩ፣ ሣሩ እንዲያድግ አምባውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይታጨድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ በትውልድ ሐረግ ላይ የቆመ ሥርዓት መሠረቱ ፈረሰ። መንዜዎች አሮጌውን ሥርዓት በስሙና በመልኩ እንዳለ ጨብጠው ቢቀሩ ኖሮ ሣሩም አብሮ በሄደ ነበር። እነርሱ ግን የትውልዱን ነገር ለቀው፣ ጥበቃውን በየገበሬ ማኅበሩ ተወካዮች በተዋቀረ ኮሚቴ አስቀጠሉት። መያዝ ያለበት ሣሩ እንደሆነ፣ የአለቃው ወንበር ግን የሣሩ መጠበቂያ ብቻ እንደነበረ ለይተው አወቁ። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ይህ አምባ፣ ስለ ፈጠራ አስተሳሰብ ከሚሰጥ ብዙ ሥልጠና የተሻለ ማስረጃ ነው እላለሁ።

በተራ ኑሮ የሚያጋጥመን ግን እንዲህ ያለ ታላቅ ጉዳይ አይደለም፤ በር፣ ምድጃ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ነው። እኔን አባባሉ የያዘኝ በውሃ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የምኖርበት ግቢ በየክረምቱ ጎርፍ ይገባበት ነበርና፣ በመጀመሪያው ዓመት በበሩ ፊት የድንጋይ ክምር ሠራሁ። ውሃው ዘለለው። በሁለተኛው ዓመት ከፍ አደረግሁት፤ በሦስተኛው ደግሞ በሲሚንቶ አጠናከርሁት፣ ውሃውም ዞሮ በአጥሩ ሥር ገባ። በአራተኛው ክረምት መግቢያ ድንጋይ ስቆልል ያዩኝ ጎረቤቴ፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው አሮጊት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት ተመለከቱኝና «አንተ ልጅ፣ ውሃው ወዴት ሊሄድ ፈልጎ ነው?» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃውን እንዴት እንደማስቀረው ብቻ ስጠይቅ ኖሬ፣ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣብኝም ነበር። በማግስቱ ከበሩ እስከ ጓሮው፣ ከጓሮውም እስከ ታችኛው ቦይ አንድ ክንድ የሚሆን መውረጃ ቆፈርሁ፤ በመንገዱ ላይም ጎመን ተከልሁበት።

የድንጋዩን ክምር አላፈረስሁትም። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አረፍ የሚሉት እዚያ ላይ ነው፤ ባዩኝ ቁጥርም «ወረቀቱ፣ እንዴት አደርህ?» ይሉኛል።