«ሶሻል ገባ?» ስለ ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍና ትምህርት ተሳስተን የምንላቸው ነገሮች

ጎረቤቴ ሰሞኑን ቡና ጠርታኝ ስለ ልጇ አወራችኝ። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው። «ሶሻል ነው የምገባው አለኝ» አለችና ስኒዋን አስቀመጠች። ድምፅዋ መርዶ የምታረዳኝ ነበር የሚመስለው። ቀጥላ ደግሞ «ጎበዝ ልጅ ነበር እኮ!» አለች።

ያቺ «ነበር» እስካሁን ትከነክነኛለች። እኔ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምሬያለሁ። ያን ቀን ግን ቡናው እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ። ያልመለስኩላትን አሁን ልመልስ። ሂውማኒቲስ በሚባሉት፣ ማለትም በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክና በፍልስፍና ላይ ከሚወረወሩት አባባሎች የሚደጋገሙትን ልያዛቸው።

«ሶሻል የሰነፍ ነው»

ይህ ወሬ ከሰማይ አልወረደም። በእኛ አቆጣጠር 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ 70/30 የሚባል ፖሊሲ መጣ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚያስገባው ተማሪ 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስና ሂውማኒቲስ ይማር ተባለ። አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም አንሷት ነበር፣ ይህ አያከራክርም። ቁጥሩ እቤት ሲገባ ግን ሌላ ትርጉም ያዘ። ሰባው የጎበዝ፣ ሠላሳው የተረፈ ሆነ።

ከዚያ ምደባ አለ። ታሪክ ጠልቶ ታሪክ የደረሰው ልጅ፣ ተመርቆ የታሪክ መምህር ሆኖ ክፍል ይገባል። ምን ያድርግ? ከደብተሩ ሰሌዳው ላይ ይገለብጣል፤ ተማሪው ከሰሌዳው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ልጆቹም «ታሪክ ማለት ይሄ ነው» ብለው ይወጣሉ። ቀጣዩ ወሬ የሚወለደው እዚያ ነው።

«ታሪክ ሽምደዳ ነው»

ይህንን አባባል የምቀበለው በግማሽ ነው። እኛ አስተማሪዎቹ ሽምደዳ አድርገነዋል።

የውጫሌን ውል ውሰዱ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥ «አንቀጽ 17» ሲባል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይከበባል፣ ያልፋል። እኔም መጀመሪያ ዓመት ያስተማርኩት እንደዚያው ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሰልችቶኝ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል የአማርኛውን ሐሳብ ጻፍኩ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»። በቀኝ በኩል የጣሊያንኛውን፦ በጣሊያን መንግሥት ለመጠቀም «ይስማማሉ»። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ዝም አልኩ።

ልብ በሉ፣ ጣሊያንኛው ላይም «ግዴታ» የሚል ቃል የለም። ብዙዎቻችን አለ ብለን ነው ያደግነው። ቃሉ ለስለስ ያለ ነው፤ ጣሊያን ግን «ተስማምተዋል፣ ስለዚህ በእኛ በኩል ብቻ» ብላ አነበበችው፤ ለኃያላን መንግሥታትም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ አሳወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ፣ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ በጣሊያን በኩል ይላኩ የሚል ሆነ። ነገሩ ያፈጠጠው ያኔ ነው። ከዚያ ክርክር፣ ከዚያ ውሉን ማፍረስ፣ ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ።

ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ቲቸር፣ ከፈረመ ፈረመ ነው» አለ። ሌላው «ያላነበበውን?» ብሎ ተነሣ። ከኋላ ወንበር አንዷ «አስተርጓሚው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። የታሪክ ባለሙያ የሚጠይቀው ጥያቄ እኮ እሱ ነው። በሰነዱ መካከል የቆመው ሰው ማን ነው? ለማን ነው የሚሠራው? ሁለቱንስ ቋንቋ ምን ያህል ያውቃል?

ደወሉ ሊደወል ሲል ግን ሌላ ልጅ እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ ብዙም አትናገርም። «እህቴ ቤሩት ስትሄድ የፈረመችው ወረቀት በዓረብኛ ነበር» አለች። ደላላው ነው ያስረዳት። ደመወዙን በአማርኛ የነገራት ሌላ፣ እዚያ የሰጧት ሌላ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ አንቀጽ 17ን ማንም ይሸመድድልኝ አላልኩም። አልረሱትማ።

የትግራይን፣ የኦሮሞን፣ የአማራን፣ የደቡብን ታሪክ ስናነሣም መንገዱ ይኸው ነው። ወረቀቱን አምጣ፣ ማን ጻፈው በል፣ ሌላው ወገን ምን አለ በል። «የኛ ታሪክ» እና «የነሱ ውሸት» የሚለው ጭቅጭቅ የሚሞቀው ምንጭ ማንበብ ያልተማረ ሰው ዘንድ ነው።

«ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ የፈረንጅ ትምህርት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ያናድደኛል። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። የቅኔ ቤት ግን ያኔ ስንት መቶ ዓመት ሆኖት ነበር! የቆሎ ተማሪው ግሱን ይማራል፣ ርባ ቅምሩን፣ ማለትም የግሱን አረባብ ይማራል፣ ከዚያ የራሱን ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መግጠም ይጀምራል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መምጣት አይቻልም። ቆጥሮ መጥቶ አስነጋሪው ፊት ይናገራል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። እስቲ ይህን «ሽምደዳ» በሉልኝ። በየቀኑ አዲስ ነገር ፈጥረህ መምህርህ ፊት ቆመህ ተሟገት የሚል ትምህርት ዛሬ ስንት ኮሌጅ ውስጥ አለ?

የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ፣ በግዕዝ የተጻፈውን የፍልስፍና መጽሐፍ የሚያነሡም አሉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ የለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የጻፈው የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ አላለቀም። እኔን ብትጠይቁኝ ክርክሩን ከነማስረጃው ክፍል ውስጥ ማስገባት «ፈላስፋ ነበረን» ብሎ ደረት ከመንፋት ይሻላል። ተማሪው የግዕዙን አጻጻፍ ያያል፣ ሁለቱን ወገን ይመዝናል፣ ከዚያ ራሱ ይፍረድ።

«ሥራ አያስገኝም»

አልዋሽም፣ ሥራ ከባድ ነው። ግን ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ራይድ የሚነዳ ሁላችንም እናውቃለን። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመው የታሪክ ምሩቅ ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ሥራ ላይ ይዋል ከተባለ ተርጓሚው፣ አርታኢው፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚው ከየት ሊመጣ ነው?

«ሐኪም ለሚሆን ልጅ ሎጂክ ምን ያደርግለታል?»

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይወስዳል። ተማሪው ይነጫነጫል። «ጂፒኤዬን ሊያበላሽብኝ!» ይላል።

የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ታካሚዋ ግን መጥታ «ምች መታኝ» ትላለች። አንዷ ምች ስትል ከንፈሯ ላይ የወጣውን ቁስል ነው፤ ሌላዋ ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን። ዳማ ከሴ አሽታ፣ አሽትታ፣ ሳይሻላት ሲቀር ነው የመጣችው። ቃሉን ንቆ የሚያልፍ ሐኪም ግማሹን ታሪክ አጣ። «መቼ ጀመረሽ? ከፀሐይ ገብተሽ ነው? ምን አደረግሽበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ቋንቋም ባህልም ተምሯል፣ ትምህርቱ የትም ይሰጠው።

ሎጂኩ ደግሞ ለፌስቡክም ይጠቅማል። ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን «የማን ልጅ ነህ?» ማለት በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያለው ስሕተት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሁሉም በሆዱ የሆነ ዘመዱን አስታውሶ ነው።

«አሁንማ ኤአይ አለ፣ ቋንቋ መማር ለምን?»

«ልጁ ይመታል» ብላችሁ ጻፉ። ልጁ መቺ ነው ወይስ ተመቺ? ስናወራ መ እና ታ ሲጠብቁ ልጁ ዱላ ይቀምሳል፣ ሲላሉ ያቀምሳል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ም እንዲሁ ነው፤ ተናገረ ወይስ ይገኛል? ማሽኑ ከዐውዱ እንዲገምት የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ግሥ ሲረባ የሚያውቅ፣ አማርኛን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ደረጃው ላይ አገኘኝ። «ቲቸር፣ የውጫሌ አስተርጓሚ ማን እንደነበር አገኘሁት» አለኝ። ለካ ያን ቀን ቡናው ላይ ለእናቱ ያልነገርኳትን ለሱ ነግሬው ኖሯል። እናቱን ቡና እኔ ልጥራት መሰለኝ።