ሪሌ ምንድን ነው? ትንሽ በተን ትልቅ ክላክስ የሚያስጮኸው እንዴት ነው?

ዓለም ገና ወይም ሰበታ አካባቢ ሞተር የሚነዳ ሰው ክላክስ ጌጥ እንዳልሆነ ያውቃል። ከኋላ ሲኖትራክ ይገፋዋል። ከጎን ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ይታጠፍበታል። ከፊት ደግሞ ጭነት የተሸከሙ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውት ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጀምሮ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ዳር ዳሩን ግን፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ ሞተር አሁንም የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ዕድሜ ጠገቦቹም ጥቂት አይደሉም። በጨረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ያማሃ አለ፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ሆንዳ አለ፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ከቆመ የቆየ ቦክሰር አለ።

የእንዲህ ዓይነት ሞተር ክላክስ ሲዳከም ባለቤቱ ቶሎ ትዝ የሚለው ትልቅ ክላክስ መግዛት ነው። ሶማሌ ተራ ይወርድና ጥንድ ክላክስ ይዞ ይመጣል። የድሮውን ነቅሎ አዲሱን በዚያው ገመድ ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ክላክሱ ከድሮው ያልተሻለ የታፈነ ድምፅ ያወጣል፤ ወይ ለጥቂት ጊዜ በደንብ ይጮህና በተኑ ተቃጥሎ ጭጭ ይላል። «ቻይና ነዋ፣ ምን ይደረግ!» ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የክላክሱ አይደለም። የጎደለው ሪሌ ነው።

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። በጣት አይጫኑትም፤ የሚጫነው ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ወራጅ» ይላል። ረዳቱ ይቀበልና ጮክ ብሎ ለሹፌሩ ያስተላልፋል። መኪናው ይቆማል። ተሳፋሪው ፍሬን አልያዘም፤ ጉልበትም አላወጣም። ሪሌም የረዳቱን ሥራ ነው የሚሠራው። በተኑ ትንሽ ምልክት ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ከባዱን ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወደ ክላክስ ይለቃል።

ጥቁሩን የፕላስቲክ ክዳን በካቻቢቴ ፈልቀቅ አድርጋችሁ ብታዩት ውስጡ ምንም ምሥጢር የለውም። በአንድ የብረት ዘንግ ዙሪያ የተጠቀለለ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ከበላዩ በስፕሪንግ የተያዘች ጠፍጣፋ ብረት ትታያለች። ጫፏ ላይ ትንሽ የኮንታክት ነጥብ አለ፤ ትይዩዋም ሌላ ነጥብ። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዘንጉ ማግኔት ይሆንና ብረቷን ጠቅ አድርጎ ይስባታል። ሁለቱ ነጥቦች ይገጥማሉ፣ ክላክሱ ይጮሃል። ጣታችሁን ከበተኑ ስታነሱ ማግኔቱ ይጠፋል፣ ስፕሪንጉ ብረቷን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ሄንሪ ሪሌን የሠራው በ1835 እ.ኤ.አ. ነው። የቴሌግራፍ ችግር ያኔ የዛሬው የአሮጌ ሞተር ችግር ነበር፦ ኤሌክትሪኩ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ እየደከመ ይመጣል። መፍትሔውም የደከመውን ኤሌክትሪክ ብረቷን ለመሳብ ብቻ መጠቀም፣ ጉልበቱን ግን እዚያው ቅርብ ካለ ሌላ ባትሪ መውሰድ ሆነ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስና ቁጥሩን እንየው። ከፋብሪካ የመጣ የትንሽ ሞተር ክላክስ ከ1.5 እስከ 3 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። በተኑም ገመዱም የተሠሩት ለዚያ ነው። ጥንዱ ክላክስ ግን እያንዳንዱ 5 አምፔር ቢጠይቅ አንድ ላይ 10 ይሆናል። በአሮጌው ገመድ፣ በዛገው ሶኬትና በጠቆረው በተን ውስጥ ደግሞ በድምሩ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያደናቅፍ ነገር፣ አለ እንበል። ትንሽ ይመስላል። 2 አምፔር ሲያልፍበት የሚጠፋው 0.6 ቮልት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። 10 አምፔር ሲያልፍበት ግን 3 ቮልት ይጠፋል። 12 ቮልት የሚጠብቅ ክላክስ 9 ቮልት ይደርሰዋል ማለት ነው። በተግባር ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፤ ውጤቱ ግን ያው የታፈነ ድምፅ ነው።

የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኗል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። አምፔሩ 5 እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ 25 እጥፍ ያድጋል። በምሳሌያችን 1.2 ዋት የነበረው 30 ዋት ይሆናል። ከዚህ የሚበዛው የሚወጣው ግንኙነቱ በላላበት ቦታ ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣታችሁ ሥር ያለችው በተን ናት። በተኗ የምትቀልጠው ለዚህ ነው።

ሪሌ መሃል ሲገባ ሒሳቡ ይገለበጣል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት የመኪና ሪሌ ሽቦው ከ80 እስከ 100 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ በበተኑ በኩል የሚያልፈው ወደ 0.15 አምፔር ብቻ ነው። ከድሮው ክላክስ እንኳ በብዙ ያነሰ ነው። አሮጌው በተን በዚህ ኑሮ ዕድሜውን ያራዝማል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከክላክስ በፊት ሪሌ ግዙ ነው። እንዲያውም ከሁለቱም በፊት ክላክሱ ላይ የሚደርሰውን ቮልት ለኩ። ዓለም ገና አንድ የሞተር ጋራዥ ውስጥ ይህ ሲደረግ አይቻለሁ። አንድ ትልቅ ሰው አሮጌ ያማሃቸውን ይዘው፣ አዲስ ክላክስ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። የጋራዡ ልጅ አዲሱን ከፌስታል አላወጣውም። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በድሮው ክላክስ እግሮች ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ እስቲ ይጫኑት» አላቸው። መለኪያው 8.9 ቮልት አለ። ባትሪው ላይ ሲለካው 12.5 ነው። «ጋሼ፣ ክላክሱ ጤነኛ ነው፤ መብራት አልደረሰውም እንጂ» አላቸው። እውነቱን ነው። ቮልቱ እስከዚህ ሲወርድ ክላክሱ የሚያገኘው ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሪሌ ሲያገናኝላቸው የድሮው ክላክስ ግቢውን ሞላው። አዲሱን ይመልሱት አይመልሱት አላውቅም።

አገጣጠሙ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሪሌው ከሥሩ አራት እግሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል። 30 ኤሌክትሪኩ ከባትሪ የሚገባበት ነው። 87 ወደ ክላክሱ የሚወጣበት ነው። 85 እና 86 የማግኔቷ ሽቦ ሁለት ጫፎች ናቸው። ቁጥሮቹ የጀርመን ስታንዳርድ ስለሆኑ በአብዛኛው የመኪና ሪሌ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

ሰው የሚደናገረው 85ንና 86ን ከምን ጋር እንደሚያገናኝ ነው። በአንዳንድ ሞተር በተኑ የሚያገናኘው ማሳውን ነው፣ ማለትም ኔጋቲቩን፤ በሌላው ፖዘቲቩን ነው። የትኛው እንደሆነ መመራመር አያስፈልግም። ከድሮው ክላክስ ላይ የነቀላችኋቸውን ሁለት ገመዶች አንዱን 85 ላይ፣ ሌላውን 86 ላይ ሰኩ። ሪሌው የክላክሱን ቦታ ያዘ ማለት ነው፤ በተኑ በየትኛውም በኩል ቢያገናኝ ይሠራል። የሞተሩ ቁልፍ ካልተከፈተም አይጮህም፤ የሰፈር ልጅ እየተጫነ ባትሪ አይጨርስባችሁም። ሪሌው ክዳኑ ላይ የዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ሥዕል ካለው ግን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ መቀያየር የለባቸውም።

ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ 30 አዲስ ገመድ ይዘረጋል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃዋል። መሃሉ ላይ 15 አምፔር ፊውዝ ይገባል፣ ያውም ከባትሪው ስንዝር ባልራቀ ቦታ። ፊውዙ የሚጠብቀው ክላክሱን ሳይሆን ገመዱን ነው። ገመዱ ከፊውዙ በፊት ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ የሚያቆመው የለም፤ ከላዩ ደግሞ ነዳጅ ታንከር ነው ያለው። ፊውዝ ቆጥቦ ናስትሮ የሚያበዛ ኤሌክትሪሻን ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ማሳው ይረሳል። ቀለም በተቀባና በዛገ ሻንሲ ላይ የታሰረ ማሳ ያንኑ 0.3 ኦም በጓሮ በር ያስገባዋል። ከክላክሱ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ገመድ መሳብ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ባለ አምስት እግር ሪሌም ይሰጧችኋል። መሃል ያለችው 87a በዕረፍት ጊዜ ከ30 ጋር የተገናኘች ናት። ክላክሱን በስሕተት እሷ ላይ ከሰካችሁት ባትሪውን ስታገናኙ መጮህ ይጀምራል፤ የሚያቆመው በተኑን ስትጫኑ ነው።

አቀማመጥም ቁም ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሱሉልታን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ሪሌው ከወንበሩ ወይም ከታንከሩ ሥር፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ይታሰር፤ ውኃ እንዲወርድ እንጂ እንዳይጠራቀም። ክላክሱም አፉ ወደ ላይ አይሁን። ክብ ክላክስ ከሆነ አብሮት የመጣችውን ስስ የብረት ማሰሪያ አታውጡ። ክላክሱ ራሱ በነፃ መንቀጥቀጥ አለበት፤ ሻንሲውን ወይም መብራቱን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል።

በጣም አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ባትሪው ስንት ቮልት እንደሆነ አረጋግጡ። ጽሑፉ ከጠፋ የውኃ መሙያ ክዳኖቹን ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ 12 ቮልት ነው። በ6 ቮልት ላይ የ12 ቮልት ሪሌ ብረቷን ለመሳብ አቅም ያጣል፤ የ12 ቮልት ክላክስም እንደዚሁ። ባትሪ ጭራሽ በሌለውና ክላክሱ በቀጥታ ከማግኔቶው (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) በሚሠራ ሞተር ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም።

በኮምፕረሰር የሚነፋው የንፋስ ጡሩምባስ? በግሌ ለአሮጌ ትንሽ ሞተር አልመክረውም። ኮምፕረሰሩ ብቻውን 15 ወይም 20 አምፔር ሊወስድ ይችላል። ፊውዙም ገመዱም እንደገና መታሰብ አለባቸው። የእነዚህ ሞተሮች ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 7 አምፔር ሰዓት ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የዲሲቤል ቁጥርም ከስንት ርቀት እንደተለካ ካልተናገረ አያጓጓችሁ። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አጠገብ ክላክስ የሚከለክለውን ምልክት ማክበር አለ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስትወጡ ጎረቤት አለ። አህያ እንደሆነች ለዲሲቤል ደንታ የላትም።

ከተገጠመ በኋላ አንድ ቀን እምቢ ቢል መመርመሩ ከባድ አይደለም፤ ጆሮ ይበቃል። የሞተሩን ቁልፍ ክፈቱና ጆሯችሁን ወደ ሪሌው አስጠግታችሁ በተኑን ተጫኑ። ጠቅ ብሎ ክላክሱ ዝም ካለ የበተኑ መስመር ደህና ነው፤ ፊውዙን፣ 30ን፣ 87ን፣ የክላክሱን ማሳ ፈልጉ። ጠቅ ካላለ ችግሩ በተኑ፣ 85 ወይም 86 ጋ ነው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ሳያቋርጥ ከተንጣጣ ግን ገመድ መፍታት አትጀምሩ። ሪሌው ስቦ ክላክሱ ሲነሳ ደካማው ባትሪ ቮልቱ ይወርዳል፤ ማግኔቷ ትለቃለች። ክላክሱ ሲቆም ቮልቱ ይመለሳል፤ እንደገና ትስባለች። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉት፤ ካልያዘ መቀየሩ ደርሷል።