የካፕሱል ቡና ማሽን ለቤት ይጠቅማል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋም በሐረርም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካፕሱል (ለአንድ ስኒ የሚበቃ የተፈጨ ቡና የታሸገበት ትንሽ ዕቃ) የሚጎርስ ትንሽ የቡና ማሽን በሻንጣው ይዞ መግባቱ የተለመደ ሆኗል። ጠዋት ወደ ሥራ ሲጣደፍ አንድ ስኒ ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ይሆነዋል። ቡና ተጠራርቶ በሚጠጣበት ቤት ግን ባይገዛ እንመርጣለን።

«ማሽኑን በርካሽ ካገኘሁ ወጪው አለቀ»

ዋናው ወጪ ካፕሱሉ ነው። አንድ የኔስፕሬሶ ኦሪጅናል ካፕሱል ከ5 እስከ 6 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ይይዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቡና ማለት 180 ያህል ካፕሱል ነው። የአንዱን ዋጋ በ180 አባዙና አንድ ኪሎ የሐረር ቡና ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። ጥሬው ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚቀንስ ያንንም አስቡ። ይህም ሆኖ ልዩነቱ ያስደነግጣል።

«ጀበናን ይተካል»

ስድስት ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢጠጣ 18 ስኒ ነው። ጀበና አንዴ የገባበትን ቡና ውሃ እየተጨመረበት ሦስቱንም ዙር ያወጣል። ካፕሱል ለአንድ ስኒ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ውሃ ቢለቀቅበት የሚወጣው የቀጠነና የመረረ ነገር ነው። ስለዚህ 18 ካፕሱል ይከፈታል፣ ስድስተኛው ሰው ሲደርሰው የመጀመሪያው ስኒ በርዷል። ከቡና ገለባና ቅጠል የሚፈሉት ሆጃና ቁጢማ ከነጭራሹ አይሆኑለትም። ገለባውም ቅጠሉም እሳት ላይ ቆይቶ መፍላት ይፈልጋል።

«ከአሜሪካ የመጣውን ሶኬቱን ብቻ ቀይሬ እሰካዋለሁ»

የሶኬት መቀየሪያ ቮልቴጁን አይቀይርም። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ቮልት ሲገባበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ወዲያው ይቃጠላል። 1500 ዋት ለሚል ማሽን ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከማሽኑ ሥር ያለው ጽሑፍ 220–240 ካላለ ባትቀበሉት ይሻላል። ካፕሱሉም ቢሆን የተለያየ ነው፤ የኪዩሪጉ ለዶልቼ ጉስቶ ማሽን፣ የኔስፕሬሶ ኦሪጅናሉም ለራሱ ለኔስፕሬሶ ቨርቹዎ አይገባም።

«19 ባር ስለሚል ከካፌው ይበልጣል»

ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ 19 ባር ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ኤስፕሬሶ የሚወጣው 9 ባር አካባቢ ነው።

«ውሃ ውሃ ነው»

በድሬዳዋ ማሽን የሚገድለው ይህ አስተሳሰብ ነው። የከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ተመልከቱ። በማሽኑ ውስጥ ውሃው የሚሞቀው በቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ነው። ድንጋዩ እዚያ ሲጋገር መጀመሪያ ቡናው ለብ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ፓምፑ መጮህ ይጀምራል፣ በመጨረሻ ጠብታው ይቆማል።

ውሃውን 10 ደቂቃ አፍሉት፣ ቀዝቅዞ ይጥለል፣ ከላይ ያለውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩ። ድንጋዩን ሁሉ አያስወግድም፣ በእጅጉ ግን ይቀንሰዋል። በየሁለት ወሩ ደግሞ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ያለ ካፕሱል ግማሹን አሳልፉ፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁና ቀሪውን ልቀቁ። ከዚያ ማጠራቀሚያውን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አሳልፉ። ኮምጣጤ አትጠቀሙ። ሽታው አይለቅም፣ የጎማ ማሸጊያዎቹንም ይጎዳል።

«በሚሞላ ካፕሱል የራሴን ቡና እጠጣለሁ»

ይቻላል፣ ግን በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና አይሆንም። ሻካራው ውሃውን ያሳልፈዋል፣ ብናኙ ቀዳዳውን ይደፍናል። ወጥ አድርጎ የሚፈጭ ወፍጮ ያስፈልጋል። ከ5 እስከ 6 ግራም ሙሉ፣ በቀስታ ተጫኑት፣ ጠርዙ ላይ የቀረውን ዱቄት ጥረጉ፤ ካልተጠረገ በጎን ያፈሳል። 40 ሚሊ ሊትር ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ከወረደ ልክ ነው። በ10 ሰከንድ ከፈሰሰ አድቅቁት፣ ጠብ ጠብ ካለ አሻክሩት። አንድ ነገር ደግሞ ለጀበና ከለመድነው ይለያል፦ ገና ከምጣድ የወረደ ቡና እዚህ ጥሩ አይደለም። የሚለቀው ጋዝ ውሃውን ስለሚገፋው አረፋው ይበዛል፣ ጣዕሙ ይሳሳል። በተዘጋ ዕቃ ከአራት እስከ ሰባት ቀን አሳድሩት።

«መብራት ይበላል»

አንድ ስኒ ለማውጣት 1300 ዋት ለአንድ ደቂቃ ቢሠራ 0.02 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ጀበና ማፍላት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ችግሩ ያለው ትንሽ ጄኔሬተር ላይ ነው፤ 1 ኪሎዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር አይችለውም።

«ያገለገለው መብራቱ ከበራ ደህና ነው»

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ መብራቱን አትመኑ። ውሃ ሞልታችሁ ያለ ካፕሱል ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ፤ ፍሰቱ ሳይቆራረጥ፣ በእንፋሎት ትኩስ ሆኖ መውረድ አለበት። ቀጥሎ በካፕሱል ሞክሩ፤ ባዶውን ሲያልፍ ደህና የነበረ ፓምፕ ጫና ሲመጣበት ሊያቅተው ይችላል። ከዚያ ማሽኑን አንሱና ሥሩን በደረቅ ሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ከረጠበ ውስጡ ያፈሳል፤ ለሻጩ መልሱለት።