የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነቶች

ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «አሊ ዱን ኢስታንቡልዳን ጌልዲ» ማለት ቃል በቃል «አሊ ትናንት ከኢስታንቡል መጣ» ነው። ቦታ የቀየረችው «ከ» ብቻ ናት፤ «ዳን» ሆና ከከተማው ስም ኋላ ተለጥፋለች። እኛ ማሰሪያ አንቀጽ የምንለውን እነሱ «ዩክሌም» ይሉታል፤ «ዩክ» ጭነት ነው። እኛ እናስራለን፣ እነሱ ይጭናሉ።

የቱርክ ተማሪ አንድን ዓረፍተ ነገር በአራት በኩል እያየ ስም ያወጣለታል፦ በማሰሪያው ዓይነት፣ በማሰሪያው ቦታ፣ በትርጉሙና በአወቃቀሩ።

ማሰሪያው ግስ ከሆነ የግስ፣ ካልሆነ የስም ዓረፍተ ነገር ይባላል። «አሊ ኦሬትሜን» ሲሉ «አሊ መምህር ነው» ማለታቸው ነው፤ «ነው» የሚል ቃል አያስፈልግም። «ኦሬትሜኒም» ግን ጉደኛ ቃል ናት። «ሜ» ላይ ጫን ካሉ «መምህር ነኝ»፣ መጨረሻው ላይ ጫን ካሉ ደግሞ «መምህሬ» ትሆናለች።

አሉታ ላይ መንገዳችን ይለያያል። እኛ ግሱን በ«አል» እና በ«ም» ግራና ቀኝ እንይዘዋለን። እነሱ መሃሉ ላይ «ሜ» ወይም «ማ» ይሰኩበታል፦ «ጌልዲ» መጣ፣ «ጌልሜዲ» አልመጣም። ለስም «ዴይል» (አይደለም) አለ፤ ለ«አለ» እና «የለም» ደግሞ «ቫር» እና «ዮክ»። አንዳንዴ መልኩ አዎንታ ሆኖ ትርጉሙ አሉታ ይሆናል። «ኔ ጌልዲ ኔ ጊቲ» ውስጥ ሁለቱም ግሶች አዎንታ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን «አልመጣምም፣ አልሄደምም» ነው።

ለእኔ ከሁሉም የምትጥመው የጥያቄዋ «ሚ» ናት። ለብቻዋ ትጻፋለች፤ ድምፅዋ ግን ከፊቷ ያለውን አናባቢ ተከትሎ ሚ፣ ምእ ወይም ሙ ይሆናል። አራተኛም መልክ አላት፦ ከንፈርን ለ«ሙ» አሹሎ «ሚ» ማለት ነው፤ ፊደላችን አይዛትም። ዋናው ነገር የምትቆምበት ቦታ ነው። «አሊ ዱን ጌልዲ ሚ?» መምጣቱን ይጠይቃል። «አሊ ሚ ጌልዲ?» ከሆነ «አሊ ነው እንዴ የመጣው?» ነው። «አሊ ዱን ሙ ጌልዲ?» (እዚህ «ሙ» ብለን የጻፍናት ያቺ አራተኛዋ መልክ ናት) ደግሞ «ትናንት ነው እንዴ የመጣው?»። እኛ ግሱን «የመጣው» ብለን ዓረፍተ ነገሩን ስንበታትን፣ እነሱ አንዲት ቃል አንስተው ሌላ ቦታ ያኖራሉ። በቃ።

ማሰሪያው ከመጨረሻ ከተነሳ ዓረፍተ ነገሩ «ዴቭሪክ»፣ የተገለበጠ ይባላል። ስህተት አይደለም። ወሬ፣ ግጥምና ተረት ይወዱታል፤ «ጌል ቡራያ» (ና ወዲህ) ከእናት አፍ የማይጠፋ ነው። ማሰሪያው ጭራሽ ከተዋጠ ደግሞ ጎደሎ ነው። «አዝ ቬሬን ጃንዳን፣ ቾክ ቬሬን ማልዳን» ይላል ተረታቸው፤ ትንሽ የሚሰጥ ከነፍሱ፣ ብዙ የሚሰጥ ከንብረቱ። «ይሰጣል» የለም፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

በአወቃቀር ነጠላ፣ በኮማ የተደረደረና በ«ቬ» (እና) ወይም በ«አማ» (ግን) የተያያዘ አለ። እስከዚህ ቀላል ነው። ክርክሩ ያለው እንደ «ካልክፕ ጊቲ» ያሉት ላይ ነው፤ «ተነስቶ ሄደ»። የእኛ «ተነስቶ» ባለቤቱን ይናገራል፦ ተነስቼ፣ ተነስታ፣ ተነስተው። የእነሱ «ካልክፕ» ለሁሉም አንድ ነው፤ ማን እንደተነሳ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ «ጊቲም» (ሄድኩ) ሲባል ነው። ታዲያ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ ሁለት? አንዳንድ የሰዋስው ሊቃውንት ውስጡ ሌላ ሐሳብ ስላለ ውስብስብ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ማሰሪያው አንድ ብቻ ስለሆነ ነጠላ ነው ባይ ናቸው። ለፈተና የሚያጠና ሰው የያዘው መጽሐፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል።