«ቪላን ተለይቶልኛል፣ መስመሩ የኔ ነው»፦ ስለ ጋራ ኔትወርክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ብዙ ተከራይ ያለበት ህንፃ ውስጥ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚከፋፈል አስቡ። ባለንብረቱ አንድ የፋይበር መስመር ያስገባል፣ ራውተርና ስዊች ደረጃው ስር ያስቀምጣል፣ ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ምናባዊ ኔትወርክ፣ ማለትም ቪላን፣ ይከፍትለታል። ለምሳሌ ያህል 50 ሜጋ (በሰከንድ 50 ሜጋቢት) መስመር እንውሰድ፦ አንደኛ ፎቅ ክሊኒክ፣ ሁለተኛው ኮሌጅ፣ ሦስተኛው የጉዞ ወኪል፣ አራተኛው ፔንሲዮን። ህንፃው የምናብ ነው፤ ክርክሩ ግን የየቀኑ ነው።

«ቪላን ተለይቶልኛል፣ ማንም አይነካኝም።»

ቪላን የሚለየው ማን ማንን እንደሚያይ ነው። የኮሌጁ ተማሪ የክሊኒኩን ፕሪንተር አያገኘውም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱም የሚወጡት ግን በዚያው በአንድ ፋይበር ነው። ፍሬሙ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚጓዘው የመረጃ እሽግ) ላይ የሚለጠፈው የቪላን ምልክት 4 ባይት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 12 ቢቱ የቪላኑ ቁጥር፣ 3 ቢቱ ደግሞ የቅድሚያ ደረጃ ነው። ስንት ሜጋ እንደተፈቀደ የሚናገር አንድም ቢት የለውም። በ12 ቢት 4094 ቪላን መክፈት ይቻላል፤ ሁሉንም ብትከፍቱ 50 ሜጋው ያው 50 ነው።

«ወደ 100 ሜጋ እናሳድገው፣ ያኔ ኪው ኦ ኤስ ምን ያደርጋል?»

ኪው ኦ ኤስ ማለት የትኛው ትራፊክ ቀድሞ፣ የትኛው ቆይቶ እንደሚያልፍ ደንብ ማውጣት ነው። ባለንብረቶች ግን በጣም የሚወዱት መልስ ማሳደግ ነው። መስመሩ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ የሚውል ከሆነ ማሳደጉ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተጣበበው ሜጋው ሳይሆን ሰልፉ ነው፤ ማለትም ለመውጣት ተራ የሚጠብቁት ፓኬቶች (ቁርጥራጭ መረጃዎች)። ቲሲፒ፣ አብዛኛውን የኢንተርኔት መረጃ የሚያጓጉዘው ሥርዓት፣ ፓኬት እስኪወድቅበት ድረስ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል፤ ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ሰው 50 ብትሰጡት 50ውን፣ 100 ብትሰጡት 100ውን ለመሙላት ይሞክራል።

ቀረብ ብለን እንየው። አፕሎዱ 10 ሜጋ ነው እንበል፣ ሞደሙ ውስጥ ደግሞ የ1 ሜጋባይት ማቆያ አለ። 1 ሜጋባይት ማለት 8 ሜጋቢት ነው፤ በ10 ሜጋ ሲወጣ 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ፔንሲዮኑ ሞልቶ እንግዳው ሁሉ የቀረፀውን ቪዲዮ ሲልክ፣ የክሊኒኩ የስልክ ጥሪ ከዚያ ሰልፍ ጀርባ ይቆማል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት በጂ.114 ምክረ ሐሳቡ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚኖረው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ጥሪው ራሱ የሚበላው በአንድ አቅጣጫ 0.1 ሜጋ እንኳ አይሞላም! ሐኪሙ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» የሚለው ሜጋ አንሶት ሳይሆን ተራ ስላልደረሰው ነው።

«ኪው ሠርቻለሁ፣ ለውጥ የለውም፤ ኪው ኦ ኤስ ወሬ ነው።»

ኪው ማለት ራውተሩ ላይ በደንብ የሚመራ ሰልፍ ነው። መጀመሪያ ሰልፉ የት እንደሚፈጠር ጠይቁ። ሰልፍ የሚፈጠረው በጣም ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። የራውተሩ ወደብ 1 ጊጋ፣ መስመሩ 50 ሜጋ ከሆነ ራውተሩ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው ያሳልፋል፤ ሰልፉ የሚቆመው ሞደሙ ውስጥ ወይም አቅራቢው ዘንድ ነው፣ እዚያ ደግሞ የናንተ ደንብ አይሠራም። ስለዚህ ራውተራችሁን ሆን ብላችሁ ዳውንሎዱን ከ50 ወደ 46 ሜጋ፣ አፕሎዱንም እንዲሁ ከ10 ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከዳውንሎዱ አራት ሜጋ ትከስራላችሁ፣ ሰልፉ ግን እጃችሁ ይገባል። ዳውንሎዱም በዚህ ይገራል፦ የሚመጣውን በቀጥታ ባታዙትም፣ ራውተሩ አንዳንድ ፓኬት ሲጥል ላኪው ቲሲፒ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ማይክሮቲክ የተባለውን ራውተር የምትጠቀሙ ደግሞ ፋስትትራክን (ትራፊክን በአቋራጭ የሚያሳልፈውን ደንብ) እዩት። ከፋብሪካው ቅንብር ጋር አብሮ የሚመጣ ደንብ ነው፤ በእሱ በኩል ያለፈ ትራፊክ ሲምፕል ኪውንና ግሎባል ላይ የተሠራ ኪው ትሪን (ሁለቱ የማይክሮቲክ ኪው ዓይነቶች ናቸው) ሳይነካ ይሄዳል። ኪው በሥርዓት ተጽፎ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ከቆመ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ ደህና ራውተር አውጥቶ ሌላ መግዛት በጣም ያሳዝናል።

«ዋስትና የተሰጠው ሳይጠቀምበት ይባክናል።»

አይባክንም። ኤችቲቢ፣ ማይክሮቲክ መስመሩን የሚከፋፍልበት ስልት፣ ለእያንዳንዱ ተከራይ ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ ሊሚት አት ዋስትናው ነው፣ ማክስ ሊሚት ደግሞ ጣሪያው። ለክሊኒኩ 12፣ ለኮሌጁ 16፣ ለጉዞ ወኪሉ 6፣ ለፔንሲዮኑ 12 እንስጥ፤ ድምሩ 46። የሁሉም ጣሪያ ግን 46 ይሁን። ማታ ኮሌጁ ሲዘጋ የፔንሲዮኑ እንግዶች የእሱን 16 ይበደራሉ፣ ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ያለ ጭቅጭቅ ይመልሳሉ።

ነገሩ የሚበላሸው ባለንብረቱ አምስተኛውን ፎቅ አከራይቶ «10 ሜጋ የግልህ ነው» ሲል ነው። ድምሩ 56 ይሆናል። ማይክሮቲክ «ይህ አይሆንም» ብሎ አይከለክላችሁም። አምስቱም ባንድ ላይ ሲፈልጉ ራውተሩ ለሁሉም ቃሉን ለመጠበቅ ሲል የ46ቱን ጣሪያ ይጥሳል፣ ሰልፉም ወደ ሞደሙ ይመለሳል፤ የክሊኒኩ ስልክ እንደገና መንተባተብ ይጀምራል። በኔ እምነት ዋስትና የሚሸጥ ሰው ዋናው ሥራው ቅንብር መጻፍ ሳይሆን «ቦታ የለም» ማለት ነው። የ5ጂ ስላይስ የሚባለውም (ለአንድ ደንበኛ ተለይቶ የሚሰጥ የሞባይል ኔትወርክ ክፋይ) ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም፤ ስላይሶቹ በአብዛኛው ያንኑ ማማና ያንኑ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚጋሩት።

«ለሁላችንም ቅድሚያ ስጠን።»

ቅድሚያ ሜጋ አይጨምርም፤ አንዱን ለማሳለፍ ሌላውን ያቆማል። ለስልክ ጥሪ ስጡት፣ ለዳውንሎድ አትስጡት።

«ፓኬቱ ላይ 46 ብዬ ምልክት አድርጌያለሁ፣ እስከ አዲስ አበባ ቅድሚያ አለው።»

ዲኤስሲፒ በየፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የአገልግሎት ደረጃ ቁጥር ነው፤ 46 (ከ46 ሜጋው ጋር አይገናኝም) ለድምፅ የተለመደው ምልክት ነው፣ ህንፃው ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ከህንፃው ሲወጣ ግን ልመና እንጂ ውል አይደለም። ከአቅራቢው ጋር የተለየ ስምምነት ከሌላችሁ ወደ ዜሮ ሊመልሰው ወይም ችላ ሊለው ይችላል።

«4ጂ መጠባበቂያ አለን፣ ዋስትናው እንዳለ ነው።»

ፋይበሩ ሲቆረጥ የሚቀራችሁ አንዴ 20፣ አንዴ 8 ሜጋ የሚሆን መስመር ነው፤ የ46ቱ ክፍፍል እዚያ ላይ ትርጉም የለውም። ለዚያ ቀን ሌላ የኪው ስብስብ አዘጋጁ፣ መስመሩ ሲቀየር ራሱ እንዲነሳም ኔትዎችን፣ መስመሩ መኖሩን የሚከታተለውን የማይክሮቲክ መሣሪያ፣ ተጠቀሙ። ማታ በተጨናነቀ ሰዓት ለክታችሁ 8 ካገኛችሁ 7 ላይ ገድቡት፦ ለክሊኒኩ 3፣ ለጉዞ ወኪሉ 2፣ የቀረውን ኮሌጁና ፔንሲዮኑ ያለ ዋስትና ይካፈሉት። ይህንንም ከኪራይ ውሉ ጋር አያይዛችሁ አስፈርሙ።